ግፊት እጥፍ ሲሆን የጋዝ ሪአክሽን ስንት እጥፍ ይፈጥናል?

ጥያቄው የመጣው ሱሉልታ ውስጥ 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ከሚያስተምሩ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አንደኛው ማስታወሻ የጋዞች ግፊት እጥፍ ሲሆን የሪአክሽኑ ፍጥነትም እጥፍ ይሆናል ይላል። ሌላው አራት እጥፍ ይላል። የቱን ላስተምር? አንድ ተማሪዬ ደግሞ የታሸገ ዕቃ ውስጥ አርጎን (ከሌላ ነገር ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) ብንጨምር ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ታዲያ ሪአክሽኑ ይፈጥናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላዋ፣ እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሪአክሽን ሁሉ ይዘገያል ወይ አለች። ለሦስቱም የሚሆን መልስ እፈልጋለሁ።»

መምህር፣ ሁለቱም ማስታወሻዎች ለአንዳንድ ሪአክሽን ልክ ናቸው፣ ለሌላው ስህተት። ሁለት ነገር ጎድሏቸዋል፦ የትኛው ሪአክሽን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ግፊቱ በምን መንገድ እንደጨመረም አልተናገሩም። የተማሪዎችዎ ጥያቄ ከማስታወሻዎቹ ይበልጣል፤ ሁለቱም የጎደለውን ነገር በራሳቸው አግኝተውታል።

ከመሠረቱ እንነሳ። ግፊት ማለት ሞለኪውሎች የዕቃውን ግድግዳ የሚመቱት ምት ድምር ነው። ግድግዳ መምታት ደግሞ ሪአክሽን አይደለም። ሪአክሽን የሚኖረው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ፣ ያውም በቂ ጉልበት ይዘው በሚመች ጎን ሲገናኙ ነው። ያለውን ጋዝ ሙቀቱን ሳንለውጥ በግማሽ ቦታ ብናጨናንቀው በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች እጥፍ ይሆናሉ፤ የሚሮጡበት ፍጥነትና የያዙት ጉልበት ግን እንደነበረ ነው፤ እሱን የሚወስነው ሙቀት ነው። «ግፊት ሲጨምር ሞለኪውሎቹ በኃይል ይጋጫሉ» የሚል መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይመጣል። በቀይ ያስምሩበት። የሚጨምረው የግጭቱ ብዛት እንጂ ብርታቱ አይደለም።

ስለዚህ «ግፊት» የሚለውን ቃል ሲያዩ በልብዎ «የሚሳተፉት ጋዞች ክምችት በሊትር» ብለው ይተርጉሙት። ከዚያ በኋላ ስንት እጥፍ የሚለውን የሚመልሰው የሪአክሽኑ ኦርደር ነው፤ ይኸውም ፍጥነቱ ከክምችቱ ስንተኛ ኃይል ጋር እንደሚሄድ የሚናገረው ቁጥር፦ 1 ከሆነ በቀጥታ፣ 2 ከሆነ በካሬ። ሃይድሮጅንና የአዮዲን እንፋሎት ሃይድሮጅን አዮዳይድ ሲሆኑ ፍጥነቱ የሁለቱ ክምችት ብዜት ነው። ሁለቱም እጥፍ ሲሆኑ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለተኛው ማስታወሻ ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ዳይናይትሮጅን ፔንታኦክሳይድ ሲፈርስ ግን ፍጥነቱ ከራሱ ክምችት ጋር ብቻ በቀጥታ ይሄዳል፤ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን እሱም እጥፍ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ማስታወሻ ትክክል ነው። ልብ ይበሉ፦ የዚህኛው የተመጣጠነ ቀመር ከፊቱ 2 ቁጥር አለው፣ ኦርደሩ ግን 1 ነው። ኦርደር በሙከራ ይለካል እንጂ ከተመጣጠነው ቀመር አይቀዳም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ፈጠነ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። በአንድ ሊትር ውስጥ በሰከንድ ስንት ሞል ተለወጠ? ይህ አንዱ ነው። ግማሹ እስኪያልቅ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ይህ ሌላው ነው። በአንደኛ ኦርደር ግፊቱን እጥፍ ስናደርግ በሊትር የሚለወጠው እጥፍ ይሆናል፤ ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ ግን አንዲት ሰከንድ አይቀንስም፤ የሚፈርሱት በዙ፣ የሚጠብቁትም በዚያው ልክ በዙ። በሁለተኛ ኦርደር ጊዜው በግማሽ ያጥራል። በሦስተኛ ኦርደር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ተማሪ በሰዓት መቁጠሪያ የሚለካው ይህንን ጊዜ ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ማስተማር ግድ ነው።

ሦስተኛ ኦርደር ካነሳን ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የሚመቸው ምሳሌ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ቡናማውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥበት ነው። ፍጥነቱ የናይትሪክ ኦክሳይድ ክምችት ካሬ ሲባዛ በኦክስጅን ክምችት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የፍጥነት ቋሚው (ያ ብዜት ፍጥነት እንዲሆን የሚባዛበት ቁጥር)፣ በሞል፣ በሊትርና በሰከንድ ሲሰላ፣ 7,000 ገደማ ነው። በሰሌዳ ላይ ይሥሩት። ከባሕር ወለል እኩል በሆነ ቦታ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንበል፣ አየር በሊትር 0.041 ሞል ያህል ይይዛል፤ ከዚያ ኦክስጅኑ 0.0086 ነው። ከአየሩ መቶኛ አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ቢሆን 0.00041 ሞል ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚጠፋ ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ 1 ሲካፈል ለእነዚህ አራት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ 2፣ 7,000፣ 0.0086 እና 0.00041። ወደ 20 ሰከንድ ይመጣል።

አሁን ያንኑ ድብልቅ በዚያው ሙቀት ወደ ሱሉልታ ያምጡት። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ ወደቡ ላይ ደግሞ 101። ሁሉም ክምችት በ0.74 ይባዛል። ጊዜው በግፊቱ ካሬ ስለሚረዝም 20 ሰከንዱ ወደ 37 ሰከንድ ይደርሳል። ስለዚህ ለተማሪዋ መልሱ፦ ለዚህ ሪአክሽን አዎ፣ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይዘገያል። ድብልቁን ደግሞ 8 ባር ድረስ ብናጨናንቀው ጊዜው ወደ ሲሶ ሰከንድ ይወርዳል።

ናይትሪክ አሲድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ያን ሁሉ ኮምፕሬሰር የሚያሽከረክሩት በከፊል ለዚህ ነው። አሞኒያው በጋለ የፕላቲኒየምና ሮዲየም ወንፊት ላይ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ያ እርምጃ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ግፊት አይለምንም፤ እንዲያውም ግፊት ሲበዛበት ምርቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፕላቲኒየሙም ቶሎ ይባክናል። ዘገምተኛው የሚቀጥለው ነው፦ የናይትሪክ ኦክሳይዱ ከኦክስጅን ጋር መጣመር። በዝቅተኛ ግፊት ለእሱ የሚሆን ቦታ ለመስጠት ግዙፍ ማማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ዘመናዊ ፋብሪካዎች ሁለት ግፊት ይይዛሉ፦ ወንፊቱ ላይ መካከለኛ፣ ማማው ውስጥ ከፍ ያለ። ጋዙንም ያቀዘቅዙታል፤ ይህ ሪአክሽን ከተለመደው በተቃራኒ ሙቀት ሲጨምር የሚዘገይ ነውና።

በዚያው ቀመር ወደ ታችም ይሂዱ። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ከሚሊዮን ሞለኪውል 10 ብቻ ሲሆን ወደብ ላይ ግማሹ እስኪለወጥ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ሱሉልታ ላይ 10 ሰዓት ያልፋል። ከመኪና ጭስ የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከአየር ጋር እንደተቀላቀለ ወዲያው ቡናማ የማይሆነው ለዚህ ነው። በከተማ አየር ውስጥ በዋናነት የሚለውጠውም ኦክስጅኑ ሳይሆን ኦዞን ነው።

ይህን ሪአክሽን በክፍል ውስጥ በእውን ለማሳየት ጭስ ማውጫ ያለው የላቦራቶሪ ሳጥን ከሌለ አይሞክሩት። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሳንባ ውስጥ ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋል፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ተማሪው ደህና መስሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ፤ «ሪአክሽን ሁሉ» ብላለች። ሁሉ አይደለም። ማግኒዥየም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲሟሟ የአየር ግፊቱ ልዩነት ለፍጥነቱ ምንም አይደለም፤ ፈሳሽና ጠጣር በዚህ መጠን ግፊት አይጨናነቁም። ነገር ግን በዚህ ሙከራ ሱሉልታ ላይ ሌላ ጉድ አለ። 0.024 ግራም ማግኒዥየም 0.001 ሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል። መጽሐፍ በ20 ዲግሪ 24 ሚሊ ሊትር ይላል፤ እናንተ ዘንድ በስሪንጅ ሲሰበሰብ 32 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ይሆናል። ፍጥነቱን በሚሊ ሊትር በደቂቃ የጻፈ ተማሪ ሪአክሽኑ ሱሉልታ ላይ በሲሶ እንደፈጠነ ያስባል። የፈጠነ ነገር የለም፤ ጋዙ ነው የተስፋፋው። ሁልጊዜ ወደ ሞል ይቀይሩ። ከጠዋቱ ብርድ የተነሳ ክፍሉ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ግን ብዙ ሪአክሽኖች በግማሽ ያህል ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ ቴርሞሜትር ሳያዩ ከፍታን መውቀስ አይገባም።

የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋውን ቱርቦ የሌለው የጭነት መኪናም ተማሪዎች ያነሱት ይሆናል። ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው የአየር ይዘት ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ወደብ ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ አይበልጥም። ነዳጁ ካልተቀነሰለት ሳይቃጠል የቀረው ካርቦን በጭስ ይወጣል። ይህ በዋናነት የኦክስጅን እጥረት እንጂ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሒሳቡ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። ጎሚስታ ቤት ያለው ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። የተነፈሰ ጎማ ላይ ዜሮ ይላል፤ ሱሉልታ ላይ ግን ጎማው ውስጥ 75 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 0.75 ባር አየር አለ። በሪአክሽን ቀመር ውስጥ የሚገባው ፍጹም ግፊቱ ነው። ጌጁ ከ1 ወደ 2 ባር ቢሄድ ግፊቱ እጥፍ አልሆነም፤ ከ1.75 ወደ 2.75 ነው የሄደው፣ 1.57 እጥፍ። በሁለተኛ ኦርደር ፍጥነቱ 4 ሳይሆን 2.5 እጥፍ ያህል ይሆናል።

አሁን አርጎኑ። የዕቃው ይዘት ካልተለወጠ አርጎን ሲገባ ጌጁ ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑና አዮዲኑ ግን በሊትር የነበሩትን ያህል ናቸው። የየጋዙ ድርሻ ግፊት አልተነካም፣ ፍጥነቱም አይነካም። ዕቃው ተንሸራታች ፒስተን ካለው ነገሩ ይገለበጣል፦ አጠቃላይ ግፊቱ እንደነበረ ሆኖ ይዘቱ ይሰፋል። በአርጎኑ ምክንያት ቦታው እጥፍ ቢሆን የሁለቱ ክምችት በግማሽ ይወርዳል፤ በሊትር የሚታየው ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ፣ በመላው ዕቃ ውስጥ በሰከንድ የሚሠራው ምርት ደግሞ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። የአሞኒያ ፋብሪካዎች በዚህ ነገር ይቸገራሉ። ከአየር የመጣው አርጎን ከናይትሮጅኑ ጋር ይገባል፤ ያልተለወጠው ጋዝ እየዞረ ሲመለስ አርጎኑ ይጠራቀማል፣ በተወሰነው ግፊት ውስጥ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅንን ድርሻ ይበላል። ስለዚህ ከሚዞረው ጋዝ ጥቂቱን ያለማቋረጥ ያስወጣሉ፤ ጠቃሚ ሃይድሮጅን አብሮ እንደሚወጣ እያወቁ።

የተማሪው ጥያቄ ግን ከዚህም ይጠልቃል፤ አርጎን እንዲያው ተመልካች ሆኖ የማይቀርባቸው ሪአክሽኖች አሉ። ሳይክሎፕሮፔን ብቻውን ወደ ፕሮፒን ይለወጣል። አንድ ሞለኪውል ብቻውን የሚለወጥ ከሆነ ለመለወጥ የሚበቃ ጉልበት ከየት አገኘ? ከሌሎች ጋር ተጋጭቶ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሊንድማን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ግጭት ሞለኪውሉን ያሞቀዋል፤ ከዚያ ወይ ሌላ ግጭት ያበርደዋል ወይ ደግሞ ተራው ደርሶ ይለወጣል። ግፊቱ ከፍ ሲል ግጭት ስለሚትረፈረፍ ኦርደሩ 1 ነው። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ግጭት ራሱ ያጥራል፣ ኦርደሩም ወደ 2 ይጠጋል። በዚያ ዝቅተኛ ክልል ውስጥ አርጎን ቢጨመር በመጋጨት ብቻ ያግዛል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። በላይኛው ከባቢ አየር ኦዞን ሲፈጠርም እንዲሁ ነው፦ የኦክስጅን አቶምና የኦክስጅን ሞለኪውል ሲገናኙ የተረፈውን ጉልበት ተቀብሎ የሚሄድ ሦስተኛ ሞለኪውል ካላገኙ ተመልሰው ይለያያሉ። ያ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው።

ግፊት ሲጨምር ሪአክሽኑ የሚረጋጋበትም አለ። ሁለት እጅ ሃይድሮጅንና አንድ እጅ ኦክስጅን በ500 ዲግሪ አካባቢ ይያዙ። ግፊቱ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሲሆን ጸጥ ይላል፤ ሪአክሽኑን የሚያስኬዱት ራዲካሎች (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያላቸው፣ ቶሎ የሚዋሃዱ አቶሞችና ቁርጥራጮች) ሳይባዙ ወደ ግድግዳው ደርሰው ይጠፋሉ። ከዚያ በላይ ይፈነዳል። ወደ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ፍንዳታው ይቆማል፣ ሪአክሽኑ በዝግታ ይሄዳል። እጅግ ከፍ ሲል እንደገና ይፈነዳል። ቁጥሮቹ በዕቃው ስፋትና በግድግዳው ዓይነት ይለዋወጣሉ፤ ቅርጹ ግን ያው ነው። በመካከል የሚያቆመው ምንድን ነው? የሃይድሮጅን አቶም ኦክስጅንን ሲያገኝ ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው አንድ ራዲካል ገብቶ ሁለት ይወጣል፤ ሰንሰለቱ ይባዛል። በሌላው ሦስተኛ ሞለኪውል ተጨምሮበት ሰነፍ ራዲካል ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ይከስማል። ሁለተኛው መንገድ የሦስት ግጭት ስለሆነ ግፊት ሲጨምር ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ያድጋል። ኬሚስቶቹ ሴሜኖቭና ሂንሸልውድ በ1956 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በሪአክሽኖች አካሄድ፣ ከዚህም መካከል በሰንሰለት ሪአክሽኖች፣ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ይህን ለ12ኛ ክፍል በዝርዝር ማስተማር አያስፈልግም፤ ነገር ግን «ግፊት ሁልጊዜ ያፈጥናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከማስታወሻ ለመሰረዝ ይበቃል።

ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽን የሚያፈጥን ነገር) ላይም እንዲሁ። አሞኒያ በጋለ ተንግስተን ሽቦ ላይ ሲፈርስ ገጹ በሞላ በአሞኒያ ስለተሸፈነ ኦርደሩ ዜሮ ነው። ወረፋው ቢረዝም መስኮቱ ያው ነው፤ ግፊት መጨመር ፍጥነቱን አይለውጠውም።

ለማሳያ ብዙ መምህራን የሚመርጡት ቡናማ ጋዝ በስሪንጅ ውስጥ መጫን ነው፤ ለፍጥነት ትምህርት አይሆንም። ሲጫን መጀመሪያ የሚጠቁረው ቀለሙ ስለተጨናነቀ ነው፤ ቀጥሎ የሚፈዘው ቡናማዎቹ ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቀለም አልባ ጋዝ ወደሚሆኑበት ሚዛኑ ስለዞረ። ሁለቱ ሞለኪውሎች የሚጣመሩት ግን በማይክሮ ሰከንዶች ነው፤ ዓይን የሚከታተለው በአብዛኛው ጋዙ ሙቀቱን የሚለቅበትን ጊዜ ነው። ጋዝ በድንገት ሲጫን ይሞቃልና፦ በ20 ዲግሪ ያለ አየር ሙቀት ሳያመልጠው በቅጽበት በግማሽ ቢጫን ከ110 ዲግሪ ያልፋል፣ ግፊቱም 2 ሳይሆን 2.6 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የግፊትን ውጤት ብቻ ለማየት ቀስ ብሎ መጫንና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ይልቅ የካርቶን ክዳንና ጥራጥሬ ይውሰዱ። ትልቅ ክዳን ላይ 20 ሽምብራና 20 ባቄላ አድርገው ለአንድ ደቂቃ በእኩል እርጋታ ሲነቀንቁ፣ አንድ ተማሪ ቀለም የተቀባችውን አንዲት ሽምብራ እየተከተለ ከባቄላ ጋር ስንት ጊዜ እንደተጋጨች ይቁጠር። ቀጥሎ ስፋቱ ግማሽ የሆነ ክዳን ላይ ያንኑ ይድገሙ። ጥቂት ምስር ጨምረው ደግሞ ይሞክሩ፤ ምስሩ አርጎን ነው። ነቅናቂው እጁን ካጠነከረ ግን ሙቀቱን ለወጠ፤ ቆጠራው አይሆንም።

ለፈተና የሚሆን ጥያቄ እነሆ። «ሱሉልታ ላይ፣ የአየር ግፊት 0.75 ባር በሆነበት፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ኦክስጅን የያዘ ዕቃ ጌጅ 1 ባር ያሳያል። ሙቀቱ ሳይለወጥ ዕቃው ጠቦ ጌጁ 2 ባር ቢያሳይ የሪአክሽኑ መነሻ ፍጥነት በሊትር ስንት እጥፍ ይሆናል?» መልሱ 1.57 ኩብ፣ 3.9 ገደማ ነው። 8 ብሎ የጻፈ ኦርደሩን አውቆ ጌጁን ስቷል፤ ግማሽ ነጥብ ይስጡት። 2.5 ያለው ጌጁን አውቆ ኦርደሩን ስቷል፤ እሱም ግማሽ ይገባዋል።